የቤታችሁ ጨው የሚለካው በማን ምላስ ነው?



በአንድ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጨው በቃ ወይም አልበቃ ብሎ የሚፈርደውም ያው ሰው ነው። ቤተሰቡ አምስትም ይሁን አሥር፣ ደም ግፊት ያለባቸው አባት ይኑሩበት ወይም ገና ምግብ የጀመረ ሕፃን፣ ሁሉም የሚመገበው በአንድ ሰው ምላስ የተለካ ጨው ነው። እንግዲያው የዚያ ሰው ምላስ ጨውን ከየት ጀምሮ እንደሚሰማ ማወቅ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመን ከምንሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ «ምግብ ሁሉ አልጥም አለኝ» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ናቸው። በየቤቱ ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔም ይታወቃል፤ ጨው መጨመር ነው። እኚያ እናት የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ጠዋት የዋጡት ክኒን የሚያወርደውን ግፊት ማታ የቀረበላቸው ወጥ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያም «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላሉ።

በዛሬው ዓምዳችን ኢንሻአላህ የአንድ ሰው ምላስ ጣዕምን ከየትኛው መጠን ጀምሮ እንደሚሰማ እንዴት እንደሚለካ እንማማራለን። ልኬቱ በላቦራቶሪ የሚሠራ ቢሆንም ቀለል ያለውን ዓይነት በጨው፣ በውሃና በሦስት ሲኒ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሜት ደፍ ምንድን ነው?

ወደ ቤት ስንገባ የምንሻገረው የበር ደፍ አለ። ከደፉ ወዲህ ሳለን ውጭ ነን፤ ስንሻገረው ቤት ውስጥ ነን። ስሜትም እንዲሁ ደፍ አለው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንዲት የጨው ቅንጣት ብትጥሉ ጨው መኖሩ እርግጥ ነው፤ ምላስ ግን አያውቀውም። እየጨመራችሁ ብትሄዱ ምላስ «እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» የሚልበት ነጥብ ላይ ትደርሳላችሁ። ይህ የመሰማት ደፍ ይባላል። በዚህ ነጥብ ላይ ሰውየው የቀመሰው ንጹሕ ውሃ አለመሆኑን ይረዳል እንጂ ምን እንደገባበት መናገር አይችልም። ጥቂት ተጨማሪ ጨው ሲገባበት ደግሞ «ጨው ነው» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። ይህ የመለየት ደፍ ነው፤ ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ከፍ ይላል።

በሁለቱ መካከል አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በጣም የቀጠነ የጨው ውሃ ለብዙ ሰው የሚሰማው እንደ ጨው ሳይሆን ጣፈጥ እያለ ነው። ስለዚህ ልኬቱን ስትሠሩ የምትለኩት ሰው «ስኳር ነው እንዴ የጨመራችሁት?» ቢላችሁ ምላሱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ስሜትን በቁጥር የመለካት ሥራ ሥርዓት የያዘው በጀርመን አገር ነው። ኤርንስት ዌበር የተባለው ሐኪም ሰዎች በእጃቸው የያዙት ክብደት ምን ያህል ሲጨምር እንደሚታወቃቸው መረመረ። ጉስታቭ ፌክነር ደግሞ በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ደፍን የመለኪያ ዘዴዎችን አንድ በአንድ አስቀመጠ። ዛሬም ጆሯችን ሲመረመርና ዓይናችን ሲለካ የምንጠየቀው ጥያቄ መሠረቱ እዚያ ነው።

ለመራራ የተሳለ ምላስ

የታወቁት ጣዕሞች አምስት ናቸው፤ ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ አምስተኛው ደግሞ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ለይቶ ኡማሚ ያለው የሥጋ መረቅን የመሰለ ጣዕም ነው። የምላስ ጫፍ ጣፋጭን ብቻ፣ የምላስ ሥር መራራን ብቻ ይሰማል የሚለውን ሥዕል ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሥዕሉ የመጣው ዴቪድ ሄኒግ የተባለ ጀርመናዊ በ1901 ያወጣው ጥናት በኋላ ሲጠቀስ ከተሳሳተ አተረጓጎም ነው። ሄኒግ ያገኘው በምላስ ክፍሎች መካከል ያለ ትንሽ የደፍ ልዩነት እንጂ ክልል አልነበረም። ጣዕም የሚቀበሉ እምቡጦች ባሉበት የምላስ ክፍል ሁሉ አምስቱም ጣዕሞች ይሰማሉ።

የየጣዕሙ ደፍ ግን እኩል አይደለም። በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ላይ የተለመዱት ቁጥሮች ለስኳር በ1 ሊትር ውሃ 3.4 ግራም፣ ለገበታ ጨው 0.6 ግራም ያህል ናቸው። ለኩዊኒን ግን 3 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ይበቃል። ይህም ከስኳሩ ከ1000 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከዕፅዋት መርዞች ብዙዎቹ መራራ ናቸውና ምላሳችን ለመራራ ዘበኛ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ሱብሐነላህ!

እዚህ ላይ እንደ መድኃኒት ባለሙያ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እናቶች መራራ ክኒን ፈጭተው በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ በመበጥበጥ ምሬቱን ለማጥፋት ሲደክሙ አያለሁ። 300 ሚሊ ግራም የሆነ የኩዊኒን ክኒን ምሬቱ ጨርሶ እንዳይሰማ በውሃ እናቅጥነው ብንል 100 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገናል። አንድ ብርጭቆ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ልጁ አንድ ጉንጭ ሊውጠው የነበረውን መራራ ወደ አሥር ጉንጭ ማብዛትና ወተትን እንዲጠላ ማድረግ ነው። ደግሞም አንዳንድ ክኒን ጨርሶ መፈጨት የሌለበት ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደፍ ከጣዕም ጣዕም ብቻ ሳይሆን ከሰው ሰውም ይለያያል። በ1931 አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ የሚሠራ አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት ፒቲሲ የተባለ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ አየሩን ሞላው። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው አፌን መረረኝ ብሎ አማረረ፤ ለዱቄቱ ይበልጥ የቀረበው ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ሁለቱ ተከራክረው ዱቄቱን ለሌሎች ሰዎች ቢያስቀምሱ ገሚሱ በጣም መራራ ነው፣ ገሚሱ ምንም ጣዕም የለውም አለ። ይህ ልዩነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ በ2003 ደግሞ ዋናው ምክንያት የሆነው ዘረመል ተለየ። በጎመን ዘር ውስጥ ከፒቲሲ ጋር የሚቀራረቡ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስለዚህ ከልጆቻችሁ አንዱ ጎመን በቀረበ ቁጥር ፊቱን የሚያጨፈግግ ከሆነ ቅብጠት ነው ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት እሱ የሚቀምሰው እናንተ የምትቀምሱትን ላይሆን እንደሚችል አስቡ። አብስሎ፣ ሽንኩርትና ዘይት ጨምሮ በጥቂቱ ማስለመድ ይሻላል።

ምላስን መለካት ለምን ይከብዳል?

ሰውን «ይሰማሃል ወይስ አይሰማህም?» ብሎ መጠየቅ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ጨው አለበት ብሎ የሚጠብቅ ሰው በንጹሕ ውሃ ውስጥም ጨው ይቀምሳል። ጥንቁቁ ሰው ደግሞ እየተሰማውም እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ «የለም» ይላል። ያኔ የለካነው የሰውየውን ጠባይ እንጂ ምላሱን አይደለም።

መፍትሔው ሰውየውን ማስመረጥ ነው። ሦስት ዕቃ ይቀርብለታል፤ በሁለቱ ንጹሕ ውሃ፣ በአንዱ የጨው ውሃ አለ። «የተለየው የትኛው ነው?» ይባላል። አላውቅም ማለት አይፈቀድም፤ ባያውቅም ይገምታል። በግምት የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዴ ሊያገኝ ይችላል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ በዕድል የማግኘቱ ነገር ከ9 አንድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ከ27 አንድ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያገኘ ሰው ምላሱ በእውነት እየነገረው ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። ይገርማችኋል፣ ብዙ ሰው «ምንም አይሰማኝም፣ እንዲያው ልገምት ብዬ ነው» እያለ ሦስቱንም በትክክል ያመለክታል። ምላሱ ከእሱ ቀድሞ አውቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ምራቅ ነው። ምራቃችን ራሱ ሶዲየም ስላለበት ምላስ ሁልጊዜ በቀጭን የጨው ውሃ እንደተነከረ ይኖራል፤ ለምዶት ስለሚኖር ግን አይሰማውም። አፍ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ያ ልማድ ይነሳና የጨው ደፍ በጣም ዝቅ ይላል። ማክበርኒና ፋፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ያሳዩት ይህንን ነበር። ለውዱእ እንደምንጉመጠመጠው አድርጎ በየመካከሉ አፍን በሚገባ ማጠብ የልኬቱ ግማሽ ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዱ ታጥቦ ሌላው ሳይታጠብ ቢለኩ ውጤታቸው አይወዳደርም።

በክሊኒክ የሚሠራበት ሌላም መንገድ አለ። ጣዕም የተነከረባቸው የወረቀት ቁራጮች ምላስ ላይ ይደረጋሉ፤ አራት ጣዕሞች በአራት በአራት መጠን፣ በድምሩ 16 ቁራጮች። ምላስን በጣም ደካማ በሆነ ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያም አለ። እኛ ግን ወደ ማድ ቤታችን እንሂድ።

በሦስት ሲኒ

አንድ ሊትር የሚይዝ ማንቆርቆሪያ ወይም ጆግ፣ ሰባት ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ሲኒና ደቃቅ የገበታ ጨው አዘጋጁ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ውሃ ተጠቀሙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክላችሁ (6 ግራም ያህል ነው) በጆጉ ውስጥ ጨምሩና እስከ 1 ሊትር ውሃ ሙሉበት፤ እስኪሟሟ አማስሉ። ከዚህ ግማሹን ወደ ሃይላንድ ቀድታችሁ «1» ብላችሁ ጻፉበት። ጆጉ ውስጥ ግማሽ ሊትር ቀርቷል አይደል? በላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና 1 ሊትር አድርሱት፤ ጨዉ በግማሽ ቀጠነ። ከዚህ ቀድታችሁ «2» በሉት። እንዲሁ እያደረጋችሁ እስከ 7 ሂዱ። በሊትር ያለው ጨው ከ1ኛው ጀምሮ 6፣ 3፣ 1.5፣ 0.75፣ 0.38፣ 0.19፣ በመጨረሻም 0.09 ግራም ያህል ይሆናል።

የሚለካው ሰው ከመለካቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ምግብ፣ ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ አይንካ፤ ጥርሱንም በሳሙና አይፋቅ። ሁሉም ውሃ እኩል ለብ ያለ ወይም እኩል ቀዝቃዛ ይሁን። ቀጂው በሌላ ክፍል ሆኖ በሁለቱ ሲኒ ንጹሕ ውሃ፣ በአንዱ ከ7ኛው ሃይላንድ ይቀዳል፤ የትኛው እንደሆነ ይጽፋል። ሲኒዎቹን ይዞ የሚገባው ሌላ የማያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ቀጂው ራሱ ከገባ ፊቱ ይናገርበታልና። ልጆች ደግሞ ከሲኒው ይልቅ የእናታቸውን ዓይን ያነባሉ!

ቀማሹ የመጀመሪያውን ሲኒ አፉ ሙሉ ወስዶ ለጥቂት ሰከንድ ያንሸራሽርና ይተፋል፤ በንጹሕ ውሃ ይጉመጠመጣል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሦስቱንም ከቀመሰ በኋላ ይመርጣል። ከተሳሳተ ጠንከር ወዳለው ወደ 6ኛው ሂዱ። ካገኘ ግን አትለፉ፤ ቦታውን ቀያይራችሁ ያንኑ እንደገና አቅርቡ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲያገኝ እዚያ ላይ ቁሙ። በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ምላስ ይደክማል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው 5ኛውን (0.38 ግራም) ሳተ፣ 4ኛውን (0.75 ግራም) ሦስት ጊዜ አገኘ እንበል። ደፉ በሁለቱ መካከል ነው። ባለሙያዎች ሁለቱን ቁጥሮች አባዝተው ሥርወ ካሬውን ይወስዳሉ፤ 0.53 ግራም ይሆናል። ይህ ከመማሪያ መጽሐፉ ቁጥር ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን የተለካ ልኬት አይታመንም። በሌላ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። የአንድ ሃይላንድ ልዩነት ቢመጣ ለውጥ አይደለም። በላቦራቶሪም ቢሆን ሰውየው ሲያገኝ ወደ ቀጭኑ፣ ሲስት ወደ ወፍራሙ እየተመላለሱ የመመለሻ ነጥቦቹን አማካይ የሚወስዱት አንድ መልስ ስለማይታመን ነው።

የጾም ቀን ይህ ልኬት እንደማይሠራ ግልጽ ነው። ከመግሪብ በኋላም ቢሆን ኢፍጣር ወዲያው ተበልቶ አይሆንም።

ውጤቱ ምን ይናገራል፣ ምን አይናገርም?

ጎረቤቴ በ6ኛው አገኘች፣ እኔ በ3ኛው ነው ያገኘሁት ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የደፍ ልኬት ደም ግፊትን አይመረምርም። ወጥ ውስጥ ያለው ጨውም ከደፉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሊትር 10 ግራም ጨው ያለበት ሾርባ ከ0.6 ግራም ደፍ ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ቀጭኑን የሚሰማ ሰው ወፍራሙ የግድ ይበልጥ ይሰማዋል ማለት አይደለም፤ የግድ ጨው ትንሽ ይወዳል ማለትም አይደለም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ 2ኛውን ሃይላንድ እንኳ ከንጹሕ ውሃ መለየት ካቃታት፣ የእሷ «በቃ» ለሌላው «በዛ» ሊሆን ስለሚችል ወጡን ሌላ ሰው ቢቀምሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዉ በማንኪያ ቢለካ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የአንድን ሰው የዛሬ ውጤት ከራሱ የአምና ውጤት ጋር ማወዳደር ይቻላል። ልኬቱ የሚጠቅመው ሰውን ከራሱ ጋር ለማስተያየት ነው።

በረመዷን ስለሚሆነው ነገር ግን ለብቻው ላንሳ። ጾመኛ ሆና የምታበስል ሴት አስፈላጊ ሲሆን ምንም ሳትውጥ በምላሷ ጫፍ ብትቀምስ ችግር እንደሌለው ዑለሞች ያስተማሩት ነው፤ ከኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) ይህ መፈቀዱ ተዘግቧል። ከምላስ አሠራር አንጻር ስናየው ግን አንድ ነገር አለ። ጣዕም የሚነካው የምላስ ስፋት ሲያንስ ስሜቱም ይደክማል። በምላስ ጫፍ የነካ ጠብታ ከአፍ ሙሉ ማንኪያ ይልቅ ጨው ያነሰው ይመስላል። እሷም «አልበቃውም» ብላ ትጨምራለች። በኢፍጣር ሰዓት ሾርባው ጨው በዛበት የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ በረመዷን የሾርባውን ጨው ከሻዕባን ጀምሮ በማንኪያ ለክታችሁ፣ ለአንድ ድስት ስንት እንደሚበቃ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ያኔ መቅመስም ላያስፈልግ ይችላል።

ደፍ ከፍ ሲል

ከዕድሜ ጋር የጣዕም ደፍ ከፍ ይላል። ከጣዕም ይበልጥ የሚደክመው ግን ማሽተት ነው። «ጣዕም ጠፋብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የጠፋባቸው ሽታ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲስፋፋ ብዙ ሰው ይህን በራሱ አይቶታል። ለመለየት ቀላል ነው። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ያዙና የናና ከረሜላ ምጠጡ፤ የሚሰማችሁ በዋነኛነት ጣፋጭነቱ ነው። አፍንጫችሁን ስትለቁ የናናው መዓዛ ድንገት ይመጣል። ካልመጣ ችግሩ አፍንጫ ላይ ነው ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጨው ቢጨመርለት የጎደለውን አይተካለትም። ኮምጠጥ ያለ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል የበለጠ ይረዱታል።

የአፍ ድርቀት፣ የጥርስና የድድ ሕመም፣ ሲጋራ፣ የዚንክ እጥረትም ጣዕምን ያደክማሉ። መድኃኒቶችም አሉበት። ሜትሮኒዳዞል አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይሄዳል። ክላሪትሮማይሲን አፍን ያመራል። ለግፊት የሚሰጠው ካፕቶፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ጣዕምን ያጠፋል። ለፈንገስ የሚዋጠው ተርቢናፊንም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል፤ እሱ ካመጣው ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የግፊት መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። ለሐኪሙ ብትነግሩት ሌላ ዓይነት ሊቀይርላችሁ ይችላል። ጣዕም ወይም ሽታ በድንገት ከጠፋ፣ በተለይ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መተሳሰር ካለበት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ምላስ ሳያውቅ ጨውን መቀነስ

ዌበር ያገኘው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው ለውጥን የሚያውቀው ለውጡ ከነበረው መጠን አንጻር በቂ ሲሆን ነው። አንድ ማንኪያ ጨው በገባበት ድስት ሩብ ማንኪያ ቢቀነስ ይታወቃል፤ አሥር ማንኪያ ከገባበት የሠርግ ድስት ሩብ ማንኪያ ቢቀነስ ግን ማንም አያውቅም። ይህ የልዩነት ደፍ ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2003 የወጣ ጥናት ይህን በዳቦ ሞክሮታል። በየሳምንቱ 5 በመቶ እየተቀነሰ በስድስት ሳምንት ሩቡ ጨው ሲወጣ ተመጋቢዎቹ ልዩነቱን አላወቁትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። 1ኛውን ሃይላንድ ለማዘጋጀት ያነሳችኋት የሻይ ማንኪያ ከዚህ በላይ ይዛለች። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ምግብ ደግሞ ጨው መጨመር አያስፈልግም።

የእናንተን ቤት ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። 1 ኪሎ ጨው ስትገዙ ቀኑን ፓኬቱ ላይ ጻፉ። 6 ሰው ያለበት ቤት በቀን 30 ግራም ቢጠቀም ኪሎው 33 ቀን ይቆያል። በ20 ቀን ካለቀ ግን እያንዳንዱ ሰው በቀን ከ8 ግራም በላይ እየወሰደ ነው። ይህ ከውጭ የሚገዛውን ዳቦና የሾርባ ማጣፈጫ ኪዩብ ሳይጨምር ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የገባባቸውን ጨውም ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

እንግዲህ በ20 ቀን ኪሎ የሚጨርሰው ቤት በሳምንት 350 ግራም ይጠቀማል ማለት ነው። የሳምንቱን ጨው በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉና ከዚያ ብቻ ተጠቀሙ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት የሻይ ማንኪያ አጉድሉለት፤ ይህ 5 በመቶ ያህል ነው። ለአራት ሳምንት እንዲሁ ሦስት ሦስት ማንኪያ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ማንኪያ እየቀነሳችሁ ብትሄዱ በ10ኛው ሳምንት 206 ግራም ላይ ትደርሳላችሁ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ማለት ነው። ለቤተሰቡ መንገር አያስፈልግም። የሚነገረው ሰው ምግቡ ሳይቀመስ «አልጫ ነው» ይላል። የጨው ዕቃው ግን ከገበታ ላይ ይነሳ፤ አለበለዚያ የተቀነሰው በዚያ በኩል ይመለሳል።

ከመጀመራችሁ በፊትና 10ኛው ሳምንት ሲያልቅ አንድ ሌላ ልኬት ሥሩ። ያለ ጨው የተሠራ የምስር ሾርባ በአራት ጎድጓዳ ሳህን እኩል ክፈሉ፤ ለአንዱ ሩብ፣ ለሁለተኛው ግማሽ፣ ለሦስተኛው ሦስት ሩብ፣ ለአራተኛው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። የቤቱ ሰው ስንት እንደገባበት ሳያውቅ ቀምሶ የሚወደውን ይምረጥ። በ1982 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ጨው የቀነሱ ሰዎች ከወራት በኋላ በሾርባም በብስኩትም የሚመርጡት የጨው መጠን ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ከ10 ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን ሳህን ይመርጥ የነበረ ሰው ወደ ሁለተኛው ቢወርድ ቅነሳው ምላሱ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። በአንዳንድ ሱቆች «ለግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጠው በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም የገባበት ጨው ነው። ለብዙ ሰው ጥሩ ቢሆንም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ እንዲሁም ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው በደም ውስጥ ፖታሲየም ከፍ ብሎ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ወደ ድስታችሁ አታስገቡት። የምትቀንሱት ጨውም ሆነ የምታስቀሩት አዮዲን ያለበት ይሁን።